ጉድለትና በደል በአንድ ጋቢ ሥር

በዮሐንስ ወንጌል የተጻፈው የመጀመሪያው ተአምር ዕውር ማብራት አይደለም፤ ሙት ማስነሣትም አይደለም። ሠርግ ላይ መጠጥ አልቆ ደጋሹ ሊዋረድ ሲል የተደረገ ነው። በየዓመቱ ጥር 12 ቀን፣ በጥምቀት ማግሥት፣ ቃና ዘገሊላ ብለን የምናከብረው ይህንን ነው። ድግስ ባልለመደ አገር ያደገ አንባቢ እንዲህ ላለ ነገር ተአምር ለምን እንዳስፈለገ ሊገርመው ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ዳስ ሲጣል፣ ጠጅ ሲጠመቅ፣ ዘመድ ከሩቅ ሲጠራ እያየ ያደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። መጠጥ ያለቀበት ሠርግ ሙሽሮቹ ወልደው ልጃቸው ዳዊት እስኪደግም ድረስ ይወራል።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ ያሰብኩት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖሩ የቆዩ ጓደኞቼን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና አካባቢያቸው በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን መኖሪያ ናቸው። እንጀራው በየሱቁ ይሸጣል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቸርቹም በየሰፈሩ አለ፤ ዕቁቡና ዕድሩ ይሠራል። የተቀበሉኝ ባልና ሚስት መኝታ ቤታቸውን ለቀቁልኝና ሳሎን ወረዱ። ዶሮው ተሠራ፣ ክትፎው ተሠራ፣ ከዚያም አልፎ ምግብ ቤት ይዘውኝ ሄዱ፤ ሒሳብ ሲመጣ እጄን ያዙኝ። ባልየው ፈቃድ ወስዶ የሊንከንን መታሰቢያና የከተማውን ሙዚየሞች አዞረኝ።

ቀስ እያለ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ማታ ማታ «ትንሽ ጉዳይ አለኝ» ብሎ ይወጣል፤ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ይመለሳል። አዲስ አበባ ሳለ መምህር ነበር። አሁን ቀን አንድ ቦታ ይሠራል፣ ሌሊት ደግሞ ፓርኪንግ። እናቱ ግን ልጃቸው ቢሮ እንደሚሠራ ነው የሚያውቁት፤ ልሰናበታቸው በሄድኩ ጊዜም እንደዚያው ብለው ነግረውኛል። ሚስቱ አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። እሷም ለቤተሰቦቿ «ሆስፒታል ነው የምሠራው» ብላ አሳልፋዋለች። ሁለቱም በሌላው ነገር ሁሉ ቃላቸው የታመነ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው በሐቅ የሚያገኘውን እንጀራ ለምን ይደብቃል?

ምሁራኑ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። አሜሪካዊቷ የባህል አጥኚ ሩት ቤኔዲክት እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ጃፓን ባሳተመችው መጽሐፍ ሕዝቦችን በሁለት ከፈለች፤ አንደኞቹ ከውስጥ በሚወቅስ ሕሊና የሚመሩ፣ ሌሎቹ በሰው ፊት ላለመዋረድ ብለው ራሳቸውን የሚገዙ። መጽሐፉ የተነሣው በጦርነቱ ጊዜ ለአሜሪካ መንግሥት ከሠራችው ጥናት ነው፤ ጃፓንን በዓይኗ አላየችም። ክፍፍሏ ግን ረጅም ዕድሜ አገኘ፤ ወንጌልን ወደ ሌላ ሕዝብ የሚያደርሱ ሚሲዮናውያንም ተቀብለው ሠሩበት። በዚህ አመዳደብ እኛ ከሁለተኞቹ ነን፤ ይሉኝታችንን ያየ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም።

እኔ የምስማማው በግማሹ ነው። ይሉኝታ በእርግጥ ይገዛናል። ነገር ግን በዐቢይ ጾም ሌሊት ተነሥቶ መዝሙር 50ን እየደገመ የሚያለቅስን፣ ማንም ሳያየው የሠራውን ለንስሐ አባቱ ተናግሮ፣ ቀኖና ተቀብሎ የሚሰግድን ሕዝብ ከውስጥ የሚወቅሰው ነገር የለም ብሎ መመደብ እንዴት ይቻላል? ዳዊት በዚያ መዝሙር የሚያነባው ሰው ምን ይለኛል ብሎ አይደለም፤ የበደለው እግዚአብሔርን እንደሆነ ነው የሚናገረው። አሜሪካዊውም ቢሆን ከሥራ ሲባረር ከጎረቤቱ ዓይን ይሸሻል። ሁለቱም ስሜቶች በሁሉም ሕዝብ አሉ፤ በአንድ ሰው ውስጥም አብረው ይኖራሉ።

ከጓደኞቼ ቤት ብዙ በማይርቀው በቪርጂኒያው የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጁን ታንግኒ ያጠናችው ነገር እዚህ ላይ የተሻለ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከሮንዳ ዲሪንግ ጋር ባሳተመችው መጽሐፍ ጸጸትንና ሐፍረትን ትለያለች። «ክፉ ነገር አደረግኩ» ብሎ የሚጸጸት ሰው ብዙ ጊዜ ወደ በደለው ሰው ይሄዳል፤ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ያበላሸውን ለማስተካከል ይሞክራል። «እኔ ራሴ የማልረባ ነኝ» የሚል ሐፍረት የያዘው ግን ይደበቃል፤ አንዳንዴም ተቆጥቶ ጥፋቱን ወደ ሌላው ያዞራል። አዳም በገነት ያደረገው ይህንኑ ነው። ቅጠል ሰፋ፣ በዛፎች መካከል ተሸሸገ፣ ሲጠየቅም ሔዋንን ጠቆመ።

የጓደኞቼን ነገር ለመረዳት ግን ይህም ብቻውን አልበቃኝም። እነሱ የሠሩት በደል የለም። የሚያፍሩት በጉድለት ነው፤ የተጠበቀባቸውን ያህል ሆነው ባለመገኘታቸው። ዋናው ጉዳይ እዚህ ያለ ይመስለኛል። እኛ ማጣትንም ማጥፋትንም «ነውር» ብለን በአንድ ጋቢ እንሸፍናቸዋለን። ደሃ መሆንና ደሃ መበደል፣ ሌሊት ፓርኪንግ መሥራትና የዕድር ገንዘብ መብላት፣ ልጅ ማጣትና ልጅ ማሰቃየት ከአንድ ጋቢ ሥር ጎን ለጎን ተኝተዋል። ወንጌል ሁለቱን ይለያቸዋል። ጉድለቱን ይሸፍናል፤ በደሉን ይገልጣል፤ የሚገልጥበትም መንገድ የራሱ ነው።

በጉልበት ሥራ ማፈር አሜሪካ ያስተማረን ነገር አይደለም፤ ከዚህ ይዘነው የሄድነው ነው። ማረሻውን የሚሠራልንን ቀጥቃጭ፣ ጀበናውን የምትሠራልንን ሸክላ ሠሪ ቡዳ፣ ቆዳውን የሚያለፋልንን ፋቂ እያልን ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ይህ ሁሉ የሆነው ጌታችን ናዝሬት ውስጥ ጠራቢ እንደነበረ፣ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ይኖር እንደነበረ ከዓመት እስከ ዓመት በሚነበብበት አገር ነው። ጓደኛዬን ፓርኪንጉ ውስጥ የሚያሳፍረው የአሜሪካዊው ዓይን አይደለም። አሜሪካዊው ቁልፉን ሰጥቶት ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ጓደኛዬ የሚሸማቀቀው መስኮቱን ዝቅ ያደረገው ሰው የሰፈሩ ልጅ ሆኖ ሲገኝ ነው። አገር ቤት ያለነውም ከዚህ ንጹሕ አይደለንም። የሚልኩትን ገንዘብ ተቀብለን ከምን እንደተገኘ አንጠይቅም፤ ስለ ሥራቸው የምንጠይቀው ለሰው ስናወራው በሚያኮራን ልክ ነው።

አሁን ወደ ቃና ልመለስ። ስድስት የድንጋይ ጋኖች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት እንስራ ይይዛሉ። በዛሬ መለኪያ በድምሩ ከ450 እስከ 700 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ የጎደለውን ሞልቶ የሚተርፍ ነው። ከመጠኑ ይልቅ ግን አደራረጉ ያስደንቀኛል። አሳዳሪው ወይኑ ከየት እንደመጣ አላወቀም። ሙሽራው ተመሰገነ እንጂ ለምን አለቀብህ ተብሎ አልተጠየቀም። ምስጢሩን ያወቁት ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ናቸው። እመቤታችንም የደጋሹን ጉድለት ለእንግዶቹ አላወራችም፤ ሊሞላው ለሚችለው ብቻ ነገረች። ክርስቶስ ጉድለትን ሲሸፍን እንዲህ ነው፤ የተረዳው ሰው አንገቱን ሳይደፋ፣ የረዳው ራሱን ሳያስወድስ።

እንግዳ ሆኖ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ከጓደኞቼ ጋር በሒሳብ መታገሉን ተውኩትና ሁለቱም ሥራ ላይ ሳሉ የቤቱን አስቤዛ እየገዛሁ አስገባ ጀመር። ስለ ሌሊቱ ሥራም አልጠየቅኩም። እሱ በሚመለስበት ሰዓት ቡና አፍልቼ እጠብቀው ነበር። በስተመጨረሻ ራሱ አጫወተኝ፤ ስለ ክረምቱ ብርድ፣ ስለ አለቃው፣ ደንበኛ ሲጠፋ ስለሚያነባቸው መጻሕፍት። ሲያወራ መምህርነቱ ተመልሶበት ነበር።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 አንድ ሰው አለ፤ እኩለ ሌሊት እንግዳ መጥቶበት የሚያቀርብለት አጣ። ያ ሰው እንግዳውን «የለኝም» ብሎ ከማሳፈር ወዳጁን ከእንቅልፉ መቀስቀስን መረጠ። ጉድለቱን ከእንግዳው ሰወረ፣ ለጎረቤቱ ግን ገለጠ። ክብሩ የቆመው የሚነግረው ሰው ስለነበረው ነው። የእኛም ዕድር፣ ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር የተሠሩት በዚሁ ላይ ይመስለኛል፤ ጎደለብኝ የሚባልበት ሰው በቅርብ እንዲኖር። በስደት ግን ባል ሲገባ ሚስት ትወጣለች፤ ጓደኛ ከጓደኛ በሺፍት ይተላለፋል፤ እሑድ በቅዳሴ ወይም በአምልኮ የሚገናኙት ለብሰውና አምረው ነው። በብዙ ሰው ዓይን ውስጥ እየኖሩ፣ እኩለ ሌሊት በሩ የሚንኳኳ ወዳጅ ይጠፋል። የጓደኞቼ ትልቁ ችግር ይህ ነበር፤ የገንዘቡ ጉድለት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ስለ በደል ስናወራ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። እዚያው ሳለሁ ባሏ ስለሚደበድባት አንዲት እህት ሰማሁ። ጉዳዩን የያዙት ሽማግሌዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ትዳር እንዳይፈርስ፣ ሰውየው በፖሊስ ተይዞ ሥራውንና ወረቀቱን እንዳያጣ፣ የሐበሻ ስም እንዳይነሣ ተጨንቀው ነው። ምክራቸውም «ገመናሽን ሸፍኚ፣ ጸልዪ» የሚል ነበር። የቃናን ሽፋን እዚህ ማምጣት በእኔ እምነት ወንጌልን ማጣመም ነው። በቃና የተሸፈነው ጉድለት ማንንም አላቆሰለም። እዚህ የሚሸፈነው ዱላ ነው፤ ከሽፋኑ የሚጠቀመውም የሚመታው ሰው ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያለው ዝምታ ምን እንደሚወልድ አይደብቅም። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 የንጉሥ ዳዊት ልጅ ትዕማር በወንድሟ በአምኖን ትደፈራለች። እሷ ልብሷን ቀድዳ፣ አመድ ነስንሳ፣ እየጮኸች ወጣች፤ የተደረገባትን አልደበቀችም። ዝም እንድትል የነገራት ወንድሟ አቤሴሎም ነው። አባቷም ሰምቶ ተቆጣ፤ ነገር ግን ምንም አላደረገም። ከሁለት ዓመት በኋላ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለ፤ ቆይቶም በአባቱ ላይ ሸፈተ። የቤቱ ክብር ይጠበቅ ተብሎ የታፈነው ነገር ቤቱን ራሱን አፈረሰው። ትዕማር ግን በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና ቀረች፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቃት ሰው በታሪኩ ውስጥ አይታይም።

ታዲያ በደል እንዴት ይገለጥ? ነቢዩ ናታን ዳዊት ኦርዮን ባስገደለ ጊዜ አደባባይ ወጥቶ አልጮኸም፤ ንጉሡ ፊት ቀርቦ የአንዲት በግ ታሪክ አጫወተው፤ ፍርዱን ንጉሡ በገዛ አፉ እንዲሰጥ አደረገው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው ሥርዓትም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ መጀመሪያ ብቻህን ከእሱ ጋር፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ይዘህ፣ ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን። በዚህ አካሄድ የበደለው ሰው በአንዴ አይዋረድም፤ የሚመለስበት በር ክፍት ሆኖ ይቆያል። ቢሆንም ይህ ሥርዓት ደካማን ከጉልበተኛ ጋር ብቻዋን ለመዝጋት የተሠራ አይደለም። ናታን የሄደው ራሱ ሄዶ ንጉሡን መክሰስ ለማይችለው ለኦርዮ ጠበቃ ሆኖ ነው። የምትመታ ሴት ፖሊስ ብትጠራ የማቴዎስን ቃል አላፈረሰችም። ሽማግሌ ከሆንን የናታንን ቦታ መያዝ ያለብን እኛ ነን።

የጠፋው ልጅ ታሪክ በሉቃስ 15 ሁለቱን አንድ ላይ ያሳያል፤ ልጁ ጎድሎበታል፣ በድሏልም። በግብፅ፣ በሊባኖስ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ 40 ዓመት ያህል ያስተማሩት አሜሪካዊው ሊቅ ኬኔት ቤይሊ ይህን ምሳሌ በመካከለኛው ምሥራቅ ገበሬዎች ዓይን አንብበውታል። አባት በሕይወት እያለ ውርስ መጠየቅ ሞቱን እንደመመኘት ነው ይላሉ። አባትየው የሮጠውም መንደርተኛው ልጁን አግኝቶ ከማዋረዱ በፊት ሊደርስለት ነው የሚል ትርጓሜ አላቸው። የገጠር አንባቢያችን ይህን ለመቀበል መጽሐፍ አያስፈልገውም። ባለ ርስት ሽማግሌ ልብሱን ሰብስቦ በአገር ፊት አይሮጥም፤ ከሮጠ የልጁን ውርደት ወደ ራሱ ወስዷል። ልብሱ፣ ቀለበቱና ጫማው የታዘዙት እዚያው ነው። ልብ ማለት የሚገባው ግን ልጁ «በደልሁ» ማለቱ ነው፤ አባቱም አላስቆመውም። ያላስጨረሰው ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ የሚለውን ነው። ጥፋቱ ተነገረ፤ ልጅነቱ ግን ለድርድር አልቀረበም። ከእኛ ሽምግልና ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ነው። አንዳንዴ በደሉን ሳናስነግር እናስታርቃለን፤ አንዳንዴ ደግሞ በደሉን አስነግረን ሰውየውን ለዘለዓለም በጥፋቱ ስም እንጠራዋለን።

ክርስቲያን ክብሩን ከየት ያገኛል የሚለው ጥያቄም ከዚህ አይርቅም። መስቀልን በአንገታችን እናስራለን፤ እናቶቻችን በግንባራቸው ተነቅሰውታል። በሮማውያን ዘመን ግን ከሁሉ የከፋ የውርደት ሞት ነበር። ለባሪያና ለዓመፀኛ የተመደበ፣ ሰው ራቁቱን በመንገድ ዳር የሚሰቀልበት፣ በጨዋ ፊት ስሙ የማይነሣ። የዕብራውያን መልእክት ክርስቶስ ያንን ነውር ንቆ እንደታገሠ ይናገራል። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ደግሞ ወገቡን ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል። በጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር የሚደረገው ለዚህ ነው። ይህን ለጓደኛዬ ሚስት አነሣሁላት፤ ሊቀ ጳጳሱ በዓመት አንድ ቀን የሚያደርገውን አንቺ በየቀኑ ታደርጊዋለሽ አልኳት። ለጊዜው መልስ አልሰጠችኝም። ቆይታ ግን ስለ አንዲት ታካሚዋ ታወራኝ ጀመር፤ ልጆቿ የማይጠይቋት፣ በእሷ እጅ ካልሆነ ከሌላ አልጎርስም ስለምትል አሮጊት። ስለ ሥራዋ ሳትሸማቀቅ ስትናገር ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ዘኬዎስንም ሳላነሣ አላልፍም፤ እንግድነት ምን ኃይል እንዳለው የሚያሳየው እሱ ነው። ሕዝቡ የናቀው ቀራጭ ነበር፤ ንቀቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰውየው ገና ንስሐ ሳይገባ ክርስቶስ ዛሬ ከቤትህ እውላለሁ አለው። ክብሩ ቀደመ። ዘኬዎስም ለቀማው አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ቆሞ፣ ሰው እየሰማው ነው።

ልመለስ ስል ጓደኛዬን «እናትህ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» አልኩት። ገና እንዳልወሰነ ነገረኝ። አዲስ አበባ ገብቼ ቤታቸው ስሄድ ልጃቸው ሌት ተቀን የሚለፋ፣ በሰው ዘንድ የተወደደ፣ እንግዳ አክባሪ እንደሆነ ነገርኳቸው። የት እንደሚሠራ አልነገርኳቸውም፤ ያንን መግለጥ የባለቤቱ ነው። ስለዚያች እህት ግን ከመነሣቴ በፊት ከጓደኛዬ ሚስት ጋር ተመካከርን። እሷ መጀመሪያ ሴትዮዋን ራሷን ጠየቀች፤ ፈቃዷን ካገኘች በኋላ ነፃ የሕግ እርዳታ ወደሚሰጥ ቢሮ ይዛት ሄደች፤ ከዚያም ለንስሐ አባቷ በግልጽ ተናገረች። አባትየውም ሽማግሌዎቹን ጠርተው ጉዳዩ ከእንግዲህ በገመና እንደማይያዝ ነገሯቸው።